ሦስተኛው «እንበልና»

ጋዜጠኛ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «ጋሽ እንበልን ከየት አገኙት?» ይለኛል። እኔም አንድ መልስ አለኝ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቃል ሳላዛንፍ የሰጠሁት። እግሬን አነባብሬ፣ ፈገግ ብዬ፣ «ስድስት ወር መስታወት ፊት ቆሜ ከራሴ ያወጣሁት ሰው ነው» እላለሁ። ስድስት ወር የምትለዋን ሰው ይወዳታል። የለፋሁ ታስመስለኛለች።

ዓይኔን በጨው አጥቤ የምዋሸው ውሸት ነው። ስድስት ወርም የለ፣ መስታወትም የለ። ጋሽ እንበል ታላቅ ወንድሜ ነው። ከነአነጋገሩ፣ ከነአስተያየቱ፣ ከነትንፋሹ ነቅዬ የወሰድኩት የገዛ ወንድሜ።

ፊልሙን ላላየ ባጭሩ ልንገር፤ ያላየ ሰው ካለ ደግሞ እጁን እስማለሁ። ጋሽ እንበል የአንድ መሥሪያ ቤት ሹም ነው፤ ያለሱ ፊርማ ምንም ጉዳይ አያልቅም። ባለጉዳይ ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፋል። ጋሽ እንበል የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ነካ ያደርጋል፣ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣል፣ ከዚያ «እንበልና…» ይላል። ዝም። «እንበልና…» ዝም። ሦስተኛው «እንበልና» ላይ የምሳ ደወል ይጮኻል፤ ጋሽ እንበል ኮቱን አንስቶ ውልቅ። በቃ ይኸው ነው። ሕዝቡ በዚህች ነገር በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛ ክፍል ሠራን፣ ሦስተኛም ሠራን። መንገድ ላይ እናቶች ያቅፉኛል፤ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞኝ «እስቲ አንዴ በላት» ይለኛል። እላታለሁ።

የሙያዬን ነገር ካነሳሁ አይቀር እውነቱን ልናገር። ወንድሜ ሲናገር ልኬት የለውም። አንድ ቀን «እንበልና»ን አንድ ጊዜ ብቻ ይላታል፣ ሌላ ቀን አምስት ጊዜ፤ በመሃል ያለው ዝምታም ረጅም ነው፣ ሰው ያስጨንቃል። ይሄ ለካሜራ አይመችም። ስለዚህ ሦስት አደረግኩትና ዝምታውን ቆረጥኩት። በመጀመሪያዋ ሰው ያያል፣ በሁለተኛዋ ይጠብቃል፣ በሦስተኛዋ ይፈነዳል። የፊልሙ አዘጋጅ «ይቺን እንዳትነካት» አለኝ። እኔም አልነካኋትም። ሦስተኛዋ ላይ ሳቅ እንዲል ያን ሁሉ ሕዝብ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ለአዘጋጁም፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። አባታችን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ ሰባት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን አባባን ለምሳ እየጠበቅን ሳለ ወንድሜ ከውጭ ገባና በሩ ላይ ቆመ። እናታችን ጓዳ ናት። የአንገት ቁልፉን ያዘ። ወደ ጣሪያው አየ። «እንበልና…» አለኝ። ዝም አለ። «እንበልና አባባ ዛሬ አልመጣም። እንበልና ነገም አልመጣም።» እኔም የልጅ ነገር፣ «ከነገ ወዲያስ?» አልኩት። ሰው ፊት በቆመ ቁጥር እጁ ወደ ቁልፉ የሚሄደው፣ ዓይኑ ጣሪያ የሚፈልገው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ለሕዝቡ አምጥቼ ያሳቅኩበት እንግዲህ ይሄ ነው።

ተዋናይ ያደረገኝም እሱ ነው እኮ። ሒሳብ መምህር ሆኖ ቀን ሲያስተምር ውሎ፣ ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈ ከምለማመደው ቲያትር የሴቷን ቃል ያነብልኛል። «ውዴ ሆይ፣ ብትለየኝ በሕይወት አልኖርም» ይላል፣ ልክ የስሌት ደረጃ እንደሚያስረዳ ሰው። እኔ ስስቅ ይቆጣኛል። «ምን ያስቅሃል? ሥራ ነው» ይለኛል። የመጀመሪያውን የፈተና ቅጽ የሞላልኝ እሱ ነው። የቲያትር ቤቱ በር ድረስ ይዞኝ ሄዶ፣ እስክወጣ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ እሱ ነው። ስሜን አይጠራም፤ እስከ ዛሬ «ትንሹ» ነው የሚለኝ።

ፊልሙ የታየ ዕለት ከሚስቱና ከልጁ ጋር ከእኔ አንድ ወንበር አልፎ ተቀመጠ። ልጅቱ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ፊልሙን ሳይሆን እሱን ነበር የማየው። ሦስተኛዋ «እንበልና» ላይ ሲኒማ ቤቱ ተናጋ። ሚስቱ ጉልበቷን አየች። ልጅቱ ወንበሯ ላይ ቆማ «አባዬ ነው፣ አባዬ ነው» አለች፤ ደስ ብሏት። ወንድሜም ሳቀ፤ ከሰው ትንሽ ዘግይቶ። ስንወጣ ትከሻዬን ያዝ አደረገና «ጥሩ ይዘኸዋል» አለኝ። «ትንሽ አሳጥረኸዋል እንጂ።»

እኔ ይህን ምርቃት አድርጌ ወሰድኩት። ምን አለፋችሁ፣ ሲመቸኝ ሁሉን ነገር ምርቃት ማድረግ እችልበታለሁ።

ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ ሦስተኛዋን «እንበልና» አብረውት ማለት ጀመሩ። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። «እትዬ፣ ልጆች እኮ ናቸው፣ ይሰለቻቸዋል» አልኳት። አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ አፉን ሳይከፍት፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ብቻ አስተማረ። ይህም ተነግሮኝ ነበር። የዚያኑ ዓመት መጨረሻ፣ የወላጆች ቀን ብለው ትምህርት ቤቱ እኔን በክብር እንግድነት ጋበዘኝ። አትሂድ የሚለኝ አንድ ጤነኛ ሰው አጣሁ። ሄድኩ። ልጆቹ «በላት! በላት!» እያሉ ጮኹ። አልኳት። ወንድሜ ከመምህራኑ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በራሱ ጥያቄ ከክፍል ወጥቶ የተማሪዎች ማኅደር የሚቀመጥበት ክፍል ገባ። መስኮት አልባ ክፍል ነው። ሄጄ አላየሁትም፤ መስኮት እንደሌለው የሰማሁት ከሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሰው ፊት ቆሞ አልተናገረም። ለቅሶ ቤትም፣ ልደትም፣ የሥራ ባልደረባ ሽኝትም ላይ ጭጭ ነው። እኔ ግን ስናገር ኖርኩ። ትዳሬም የፈረሰው በዚሁ ጠባዬ ነው። ሚስቴ የሄደች ቀን ልክ ልኬን ነገረችኝ። «ሳለቅስ ታየኛለህ እንጂ አታባብለኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንባዋ ከየትኛው ዓይኗ ቀድሞ እንደሚወርድ አሁን ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሁለት ወር በፊት ሜካፕ ክፍል ተቀምጬ ጢም ሲለጠፍልኝ የወንድሜ ልጅ መጣች። ዛሬ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ፋርማሲስት ናት። የሠርግ ካርድ ይዛለች። እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

«አጎቴ፣ ላሳይህ ነው እንጂ ልሰጥህ አይደለም የመጣሁት» አለችኝ።

ሜካፕ ሠሪዋ ብሩሿን አስቀምጣ፣ ብልህ ሴት ናት፣ ውልቅ ብላ ወጣች።

«አባዬ ንግግር አደርጋለሁ ብሏል» አለች ልጅቱ። «ማንም አልጠየቀውም። ራሱ ነው ያለው። ማታ ማታ መኝታ ቤት ገብቶ ሲለማመድ እሰማዋለሁ። አጎቴ፣ ሰው አንተን ካላየ ምናልባት ትዝ አይለውም። የሙሽራው ቤተሰቦች አባዬን ገና በደንብ አያውቁትም። አንተ ከተቀመጥክ ግን አንተን ያዩና እሱን ያያሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ።»

«አልምጣ ነው የምትዪኝ?»

«አንድ ቀን ብቻ ነው። ቀረጻ አለብኝ በለው። አንድ ቀን አባዬ ሳይሳቅበት ተናግሮ ይቀመጥ። ሌላ ስጦታ ካንተ አልፈልግም።»

ግማሽ ጢም ተለጥፎልኛል፣ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ነው። እንደዚያ ሆኖ ሰው እንዴት ይከበራል? ኩምሽሽ አልኩ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ቃሌ ነው» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝና ሄደች። የዚያን ቀን ከልቤ ነበር፤ ይህን እንኳ እመኑልኝ።

በአራተኛው ቀን ወንድሜ ደወለ። «ትንሹ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ና እስቲ። አንድ ነገር ትሰማልኛለህ» አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ሄድኩ።

ሚስቱ ገበያ ናት፣ ልጅቱ ሥራ ላይ ናት፤ ሆን ብሎ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት መርጧል። ሳሎኑ መሃል ቆመ። እኔ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ከደብተር የተቀደደች አንድ ወረቀት አውጥቶ መነጽሩን አደረገ። «እንግዶቻችን፣ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። እኔ ብዙ አልናገርም» አለ። እጁ ወደ አንገቱ ተነሳ።

«እጅህን አውርድ» አልኩት።

«የት ላድርገው?»

«ዝም ብለህ ጎንህ ላይ ተወው።»

«ጎኔ ላይ ምን ይሠራል?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከስንት ዓመት በኋላ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

አስተማርኩት። እጅ ሲቸግርህ አውራ ጣትህን በሌባ ጣትህ ያዝ አልኩት። ጣሪያ ጣሪያ አትይ፣ አንድ ሰው ምረጥና ለሱ ንገረው አልኩት። ደጋግመን ሠራን፤ እንደ ድሮው፣ ግን ተገላብጦ። አሥር ጊዜ ያህል ሲለው ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ያለምንም «እንበልና» ጥርት አድርጎ አላቸው። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ጋ ሲደርስ ግን ወረቀቱን አጠፈው። «ይሄን ለዚያ ቀን ልተወው። ለልጄ ነው» አለ።

ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አንድ ሰው ምረጥ አልከኝ አይደል? አንተን ነው የምመርጠው። እንዳይህ ሆነህ ተቀመጥልኝ። ወጥ ቤት እኔን እያየህ አልነበር የምታነበው?» አለኝ።

እዚያች ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። ልጅህ አትምጣ ብላኛለች፣ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ለአንተው ብላ ነው ብለው ያልቅ ነበር። ቅር ይለው ይሆናል፤ ግን ልጁ ናት፣ ይገባዋል። አፌን ከፈትኩ፣ «እሺ ወንድም ጋሼ» የሚል ወጣ።

ለእሱ ብዬ ነው የሄድኩት ብዬ ብምል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ሱፌን ላውንደሪ የሰጠሁት እሱ ከመጥራቱ በፊት ነው። ለልጅቱ ቃል በገባሁ በማግስቱ። ዝነኛው አጎት በሠርጉ ቀረ ሲባል ጆሮዬ ሊሰማው አልፈለገም። ይኸው ነኝ እንግዲህ።

ሠርጉ የምሳ ነበር። አዳራሹ መሃሉ ላይ ትልልቅ ምሰሶዎች አሉት። የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ፣ አስተናጋጆቹ የሚመላለሱበት በር ሥር፣ ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርጌ ተቀመጥኩ። ሞኝ ነኝ፤ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር የሚያደርግ ወይ ዓይኑን የታመመ ነው ወይ እዩኝ ያለ ነው። ደግነቱ ከጎኔ የተቀመጡት የሙሽራው ወገኖች ምግባቸው ላይ ነበሩ። ሙሽራዋ ከመድረኩ ሆና ስትቃኝ ዓይኗ እኔ ላይ ደርሶ ቆመ። ወዲያው አወቀችኝ። ፊቷ ምንም አላሳየም፤ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ያኔ ተነስቼ ብወጣ በሩ ከኋላዬ ነበር።

መድረክ መሪው የሙሽራዋን አባት ጠራ። ወንድሜ ተነሳ። ግራጫ ሱፍ ለብሷል፣ የአንገት ቁልፉ እስከ ላይ ተቆልፏል። ማይኩን ያዘ። አውራ ጣቱን በሌባ ጣቱ ያዘ፣ እንዳልኩት። «እንግዶቻችን፣ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። እኔ ብዙ አልናገርም» አለ። ጥርት አድርጎ። አዳራሹ በጸጥታ ያዳምጣል። ሙሽራዋ ትንፋሿን እንደያዘች ከሩቅ ይታየኛል።

ከዚያ ይፈልገኝ ጀመር። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዓይኑ ዞረ። እኔ ከምሰሶው ጎን ነኝ፣ ኮፍያና መነጽር አድርጌያለሁ፤ ከየት ያግኘኝ? ዝምታው ረዘመ። ጣቱ ጣቱን ለቀቀው። እጁ ወደ አንገቱ መውጣት ሲጀምር አላስቻለኝም። ኮፍያዬን አወለቅኩ፣ መነጽሬን አወለቅኩ፣ እንዲያየኝ ብዬ ከወንበሬ ትንሽ ብድግ አልኩ።

አየኝ። ፊቱ ዘና አለ። እጁን ሊያወርድ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሊያወርድ ነበር።

ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ግን ማንኪያውን ጣለና «ጋሽ እንበል!» አለ። የፊተኛው ጠረጴዛ ዞረ። ከዚያ የሚቀጥለው። ሰው ሁሉ እኔን አየ፤ ከዚያ ዞሮ ወንድሜን አየ፣ እጁን አንገቱ ቁልፍ ላይ አድርጎ። ልጅቱ ሜካፕ ክፍል ቆማ እንደነገረችኝ፣ በዚያው ቅደም ተከተል።

«እንበልና…» አለ ወንድሜ። እዚህም እዚያም ሳቅ ፈነጠቀ። ያጠናውን ረሳ። ወደ ጣሪያው አየ። «እንበልና…» ስልኮች ወጡ፣ ወንበር ተሳበ። አትበላት፣ አትበላት እያልኩ በልቤ እለምነዋለሁ። የሱ ዝምታ ከእኔ ረጅም ነው ብያችኋለሁ፤ ሕዝቡ ግን መጠበቅ አልቻለም። ሦስተኛዋን ራሱ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አላትና አዳራሹ በሳቅ ፍርስ አለ።

በክፋት አይደለም። በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያጨበጭባሉ፣ ይነሱለታል። የሙሽራው አጎት «ወንድምየው ሲቀዳው አያችሁ? ቁርጥ እሱን!» ይላል። ተዘጋጅቶ የመጣ ቀልድ መስሏቸዋል። አንዲት ሴት ደግሞ፣ «ጎበዝ ነው፤ ግን ያንን ያህል አይሆንም» ብላ ፈረደች። ወንድሜን በራሱ ነገር ከእኔ አሳነሰችው።

«ዋናው ይምጣ! ዋናው ይምጣ!» ተባለ። መድረክ መሪው እየሮጠ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። እኔም ሄድኩ፤ ዛሬ እናገራለሁ፣ ዛሬ ይብቃ ብዬ ነው የሄድኩት። ማይኩን ከወንድሜ እጅ ተቀበልኩ። የእጁ ላብ ማይኩ ላይ ነበር።

«ስሙኝ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም» አልኩ። ሳቁ።

«ጋሽ እንበል የእኔ አይደለም። የእሱ ነው። ስድስት ወር መስታወት ፊት ቆምኩ ያልኳችሁ ውሸት ነው። ከወንድሜ የሰረቅኩት ነው።» ይብሱን ሳቁ። አንዱ ጠረጴዛ ይደበድባል። ድምፄን ከፍ ባደርግ የሹሙ ቁጣ መሰላቸው፣ ዝቅ ባደርግ የሹሙ ልመና። አሥራ አምስት ዓመት ያሳቀ ፊት ይዤ እንዴት እውነት ልናገር? የአባባን ነገር፣ የበሩን ነገር ልነግራቸው ፈለግኩ፤ አንገቴ የታነቀ መሰለኝ። ሳላስበው፣ በቁሜ ልሙት ሳላስበው፣ እጄ ወደ አንገቴ ቁልፍ ሄደ።

ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ። መድረክ መሪው እንባው እስኪወርድ ስቆ አቀፈኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ዞር ስል ሙሽራዋ ተነስታለች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው የአባቷን እጅ ይዛ ከመድረኩ ኋላ ባለው በር ወጣች። ሰው አላያቸውም፤ እኔን ነዋ የሚያየው። ማይኩን መሬት ላይ ጥዬ ተከተልኳቸው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሙሽሮች የሚለብሱበት ክፍል አለ። በሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«ቃሌ ነው ብለኸኝ ነበር» አለችኝ ልጅቱ። አልጮኸችም። ሌላ ምንም አላለችኝም።

«ወንድም ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «አልመጣም ብዬ ቃል ሰጥቼያት ነበር። ለአንተ መናገር ነበረብኝ። ያኔም፣ ከዚያ በፊትም…»

«ሰማሁህ እኮ» አለኝ። «ማይክ ይዘህ ተናገርክ፤ ሰማሁህ። አልተቀየምኩህም።» የቆመው ቀጥ ብሎ ነው፣ እጁ ጎኑ ላይ ነው፣ ቃሉ አንዲት እንኳ አልተደናቀፈችም። በሕይወቴ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «አሁን ለልጄ የምነግራት ቀርቶኛል። እሷ ትገባለች። አንተ ውጭ ቆይ።»

«ልግባ ወንድም ጋሼ፣ ጥግ ላይ እቆማለሁ፣ ምንም አልልም።»

«ምንም እንደማትል አውቃለሁ» አለኝ። «ታያለህ ግን። ከሕፃንነትህ ጀምሮ ስታየኝ አውቅሃለሁ፤ ውሰደው ብዬ ነው የተውኩህ። ይቺን ግን እንድታያት አልፈልግም። እንድትሰማትም አልፈልግም። ሂድ፣ ትንሹ።»

በሩ ተዘጋ።

መሄድ ነበረብኝ። ሂድ ተብያለሁ፤ ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ መውጫው ይታያል። አልሄድኩም። በሩ ስስ ነበር፤ ጀርባዬን አስደገፍኩበት። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ፤ የራሱ ዝምታ፣ እኔ ያልቆረጥኩት። «እንበልና…» አለ። ልጅቱ ጠበቀችው። የፈለገውን ያህል ጊዜ አላት፤ ስንት ጊዜ እንዳላት ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ያችን ሦስተኛዋን ዐረፍተ ነገር ተናገረ፣ ቀጥሎም ሌላ፣ ቀጥሎም ሌላ። ልጅቱ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ሁሉንም ሰማሁ። አዳራሹ ውስጥ አሁንም ስሜን እየጠሩ ያጨበጭባሉ።

በሩ ከመከፈቱ በፊት ሾልኬ ወጣሁ። መስማቴን አያውቁም። ከዚያ ቀን ወዲህ አልደወለልኝም፤ እኔም ምን ብዬ ልደውል።

ይህ ከሆነ አንድ ወር ሆነው። የሠርጉ ቪዲዮ አገር ምድሩን አዳርሷል፤ እናንተም ሳታዩት አትቀሩም። በሳምንቱ አዘጋጁ ደወለልኝ። አራተኛውን ክፍል ሊሠራ ነው። ጋሽ እንበል ልጁን ሲድር። «ሕዝቡን በሦስቷ ካሳቅነው በኋላ እናስለቅሰዋለን» አለኝ። «ለልጁ የሚነግራትን ንግግር ግን አንተው አምጣልኝ፤ ከራስህ አውጣው፣ እንደ ድሮው።»

ንግግሩ አለኝ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ የት ላይ እንደሚቆም፣ የት ላይ ድምፁ እንደሚሰነጠቅ፣ ልጅቱ የት ላይ «አባዬ» እንዳለችው። ገላዬን ስታጠብ ከንፈሬ ብቻውን ይለዋል። ከዚህ የተሻለ ነገር በሙያዬ ሰምቼ አላውቅም። ለእናንተ አልነግራችሁም፤ እስከ አሁን ለማንም አልነገርኩትም።

ለአዘጋጁ አይሆንም ማለት ነበረብኝ። «እስቲ ነገ ደውልልኝ» አልኩት። በየቀኑ ይደውላል። ስልኩን አነሳለሁ፣ ስለ ሌላ ሌላው እናወራለን፣ መጨረሻ ላይ «እና ንግግሩስ?» ይለኛል። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንቢ አላልኩትም።